ኤክስቴንሽኗ የእኔን በር አታንኳኳም

ሰሞኑን የደረሱኝ መልእክቶች የተመካከሩ ይመስል አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ቤት ድረስ መጥታ አራስና ሕፃን ስለምታየው ባለሙያ ነው ሁሉም የሚጽፉት። አንዷ «ለምን አትመጣልኝም» ትላለች፣ ሌላዋ ደግሞ «ለምን ትመጣብኛለች» ይላሉ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ላይ ረዘም ብያለሁ፣ ምክንያቱን ስታነቡት ታገኙታላችሁ።

«ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። የመጣሁት ከሶዶ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ሴት ልጅ ወልጄ ሁለት ወር ሆናት። እዚህ እናትም እህትም የለኝም። የአከራዬ ምራትም በቅርቡ ወልዳለች። ጤና ኤክስቴንሽኗ እየመጣች ካርዷን ታይላታለች፣ ቁጭ ብላ ታወራታለች፣ የእኔን በር ግን አታንኳኳም፣ አልፋኝ ትሄዳለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ወጣሁና አፈርኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። ተከራይ ስለሆንኩ ነው? የዚህ ቀበሌ መታወቂያም የለኝም። በዚያ ላይ አከራዬ ሰው ግቢ ሲበዛ ደስ አይላቸውም። ምን ላድርግ?»
የሁለት ወሯ እናት፣ ሀዋሳ

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ እህቴ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት የራሴን ላውራሽ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እኔም እዚሁ ሀዋሳ ሰርቪስ ቤት ነበር የተከራየሁት። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ። አንድ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። አከራዬ ከፈተች። «እዚህ ቤት ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ኧረ የለም!» አለች አከራዬ፣ ያውም እየሳቀች። ልጄ በዚያች ደቂቃ ጡቴን ይዞ ነበር። የጠየቀችው ልጅ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እኔም እንዳንቺ ዝም አልኩ። አከራዬ ግን ዋሽታ አይደለም። የተጠየቀችው ስለ ቤቷ ነው፣ በእሷ ቤት ትንሹ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። እኛ ከተማ አንድ የግቢ በር ማለት አንድ ቤተሰብ ማለት አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ተከራይ አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ድስትና የራሱ ልጅ አለው፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ በሩን የከፈተው ሰው ያለው ነው። የፖሊዮ ዘመቻ ሲሆን በር ላይ በጠመኔ ምልክት ሲያደርጉ አይተሽ ይሆናል። ጓሮ የሚኖረው ተከራይ ሳይጠየቅ ያ ምልክት ከተጻፈ ለቀጣዩ ሰው «ይሄ ግቢ አልቋል» ማለት ነው። ስለዚህ ኤክስቴንሽኗ ንቃሽ አይመስለኝም። እሷ ዘንድ አንቺ የለሽም። የአከራይሽ ምራት የቤተሰብ ማህደር የሚባለው የጤና መዝገብ ተከፍቶላታል፣ አንቺ አልተከፈተልሽም፣ ልዩነቱ ይሄው ነው።

ተከራይ ሆንሽ፣ ባለቤት ሆንሽ፣ አገልግሎቱ ያው ነው፣ በነጻ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በገጠር የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ወደ ከተማ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው። የከተማዎቹ በአብዛኛው በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው። ከጤና ጣቢያ እየወጡ በሰፈር ተከፋፍለው ቤት ለቤት መሄድ ዋና ሥራቸው ነው። እና አንቺን ማየት ውለታ አይደለም፣ የተቀጠሩበት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ጠዋት ልጅሽን አዝለሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ። ክትባት ክፍል ግቢና ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ «በእኔ ሰፈር የምትሠራው ኤክስቴንሽን ማን ናት?» በይ። ሰፈርሽን በደንብ ንገሪያቸው፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ወፍጮ ቤት ጀርባ እንደሆነ ጭምር። ስሟንና ስልኳን ተቀበይ፣ ያንቺንም ስጪ። እዚያው ካለች ደግሞ «ተከራይ ነኝ፣ ከጓሮ ነው ያለሁት፣ የግቢውን በር ሲከፍቱልሽ እኔን በስሜ ጠይቂ» በያት። ይህቺ «በስሜ ጠይቂ» የምትለዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ለውጥ ታመጣለች። ሁለተኛው የልጅሽ ክትባት ነው። ስለ ክትባት ምንም አልጻፍሽልኝም፣ ዝምታሽ ትንሽ አስፈርቶኛል። ስትወለድ የሚሰጠውን የቲቢ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ወልደሽ ከሆነ ሰጥተዋት ይሆናል፣ ካርዱን እዪ። ከዚያ በኋላ ያለው ስድስተኛ፣ አሥረኛና አሥራ አራተኛ ሳምንት ላይ ነው። የልጅሽ ስድስተኛ ሳምንት አልፏል። ካልወሰደች ዛሬም አልረፈደም፣ ካቆመችበት ይቀጥሉላታል። «ለምን ዘገየሽ» ብሎ ፊት የሚነሳሽ ሰው ቢያጋጥምሽም ተቆጥተሽ እንዳትመለሺ፣ አስወግተሽ ተመለሺ። ቀጥሎ ዘጠነኛ ወር ላይ ኩፍኝ አለ፣ ሁለተኛው ዙር አንድ ዓመት ከሦስት ወር ላይ ነው። «መታወቂያዬ የሶዶ ነው» ብለሽም እንዳትቀሪ።

ካርዱን ይዘሽ ስትገቢ ይመዝኗታል። ብዙ እናት ኪሎውን ትሰማና «እሺ» ብላ ትወጣለች። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ። ካርዱ ላይ የሚወጣ መስመር አለ፣ በየወሩ ነጥብ ይደረግበታል። «ነጥቧን አሳዩኝ» በይ። ነጥቦቹ ሽቅብ እየሄዱ ከሆነ ልጅሽ ቀጭን ብትመስልሽም አትጨነቂ። ሁለት ወር ተከታትሎ መስመሩ ከተኛ ወይም ቁልቁል ካለ ግን «ለምን?» ብለሽ ሳትጠይቂ ከወንበሩ አትነሺ። ስድስት ወር ሲሞላት ደግሞ ክንዷን በሦስት ቀለም ሪባን ይለኳታል። አረንጓዴው ከ12.5 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ነው፣ ደህና ናት ማለት ነው። ቢጫው ከዚያ በታች እስከ 11.5 ነው፣ ቅርብ ክትትል ትፈልጋለች። ከ11.5 ያነሰው ቀይ ነው፣ ቀይ ካሉሽ ሕክምናው የዚያኑ ቀን ይጀመር።

ስለ አከራይሽ። እኔ ብሆን ኤክስቴንሽኗ ከመምጣቷ በፊት ቡና አፍልቼ እጠራቸው ነበር። «እትዬ፣ ለምራትዎ የምትመጣዋ ልጅ እኔንም እንድታየኝ ጠይቄያለሁ፣ እግረ መንገዷን አምስት ደቂቃ እኔ ጋ ትገባለች» ብለሽ ንገሪያቸው። እንግዳ እየጨመርሽባቸው እንዳልሆነ ይግባቸው፣ ያው ሰው ነው የሚገባው። ካልተስማማቸውም ችግር የለም፣ ጤና ጣቢያው ወይም የጎረቤት ቤት አግኝታ ልታይሽ ትችላለች። ከምራቲቱ ጋር ብትቀራረቢ ደግሞ ሌላ በረከት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አራስ ተፈልጎም አይገኝ!

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሥራሽ። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝ ይሰጥሻል። ስለዚህ ቀን ቀን ቤት የምትገኚው አሁን ነው፣ ኤክስቴንሽኗም የምትዞረው ቀን ነው። ሥራ ከጀመርሽ በኋላ አራት ጊዜ መጥታ አራት ጊዜ ቁልፍ ልታገኝ ትችላለች። ከመመለስሽ በፊት ሁለት ነገር አስጨርሻት። ወተት በእጅ እንዴት እንደሚታለብ ቁጭ ብላ ታሳይሽ፣ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ከሆነ ቤት ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል፣ በሀዋሳ ሙቀት ግን ከዚያ አታሳልፊው። ሌላው፣ ልጅሽን የምትይዝልሽ ሰው ማንም ትሁን ማን፣ ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ እሷም ትቀመጥ። ቀኑን ሙሉ ከልጅሽ ጋር የምትውለው እሷ ናት፣ ምክሩን አንቺ ብቻ ሰምተሽው ምን ዋጋ አለው።

ካልጠባች፣ ትኩሳት ካላት ወይም ገላዋ ከቀዘቀዘ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጣት ኤክስቴንሽኗን አትጠብቂ። ባጃጅ ያዢ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ይህን የምልሽ ያመለጠሽ አንቺ ብቻ ስላልሆንሽም ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ናቸው። ከሦስት አንዷ። የቀሩት ሁለቱ እንዳንቺ በር ዘግተው የተቀመጡ ናቸው።

«ሰባት ወልጄ ሰባቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። አሁን ምራቴ ወንድ ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ናት። ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ልጅ በሳምንቱ መጥታ ‹ውኃ አትስጡት፣ ቅቤ አታልሱት› ትላለች። ልጁ ገና ክርስትና አልተነሳም፣ የባዕድ ዓይን ሲያየው እኔ ደስ አይለኝም። ባሰ ብላ ደግሞ ‹ያጫውቱት፣ ያውሩት› አለችኝ። የአሥር ቀን ልጅ ምን ይሰማል? እኔ ልጆቼን ሳሳድግ ማን ቤቴ መጣ?»
የሰባት ልጆች እናት፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ

እማማ፣ ደብዳቤዎን እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት፣ አይቆጡኝ። ሰባት ልጅ ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጅቷም ይህን ሳትጠይቅዎ ምክር ጀምራ ከሆነ አጥፍታለች። መጀመሪያ «እርስዎ እንዴት አሳደጉ?» ማለት ነበረባት።

ግን ስለ ውኃው እውነቷን ነው። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው፣ በዚህ ሙቀትም ቢሆን እስከ ስድስት ወር ሌላ አያስፈልገውም። ትንሿ ሆዱ በውኃ ከሞላች ጡቱን ይተዋል፣ ውኃው ደግሞ ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። ቅቤው ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል። ፈገግ ብሎ ላሰ ብለው ያስባሉ፣ እሱ ገና መዋጥ እየለመደ ነው። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ላይ ያድርጉት፣ እዚያ ላይ ማንም አይከለክልዎትም፣ እኔም ብጠራ እመጣለሁ። ምናልባት ሰው መክሮዎት እንጥል ማስቆረጥ ወይም ግግ ማስነቀል አስበው ከሆነ ግን እለምንዎታለሁ፣ አያድርጉት። ሕፃን ደሙ ትንሽ ነው፣ ምላጩም ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ስለ ባዕድ ዓይን አልከራከርዎትም። ፊቱን ይሸፍኑት፣ ልጅቷ እጇን በሳሙና ታጥባ ትግባ፣ ይህን ማዘዝ የእርስዎ መብት ነው። ክርስትናው እስኪደርስ አትምጣ ግን አይበሉ። ባለሙያዎቹ የሚመጡት በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሳምንቱ ገደማ፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ለምን እንዲህ ተሰበሰበ ቢሉ፣ ለአራሷም ለጨቅላውም የሚያሰጋው ጊዜ ይሄው ስለሆነ ነው። ደም የሚበዛባትም፣ ትኩሳት የሚይዛትም፣ እትብቱ የሚመረቅዘውም ያኔ ነው። አርባ ቀን ከጠበቅን ዋናው አልፏል።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ፣ «ምን ይሰማል?» ወዳሉት። ይሰማል እማማ! በሆድ እያለ የእናቱን ድምፅ ለምዶ ነው የሚወጣው። እርስዎም ያውቁታል እኮ፣ «እሹሩሩ» ሲሉት ዝም የሚለው ለምን ይመስልዎታል? አንድ ነገር ልንገርዎት። ጃማይካ የሚባል ደሴት አገር አለ። ዋና ከተማው ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ዕድገታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናት ተመዘገቡ። ከፊሎቹ ቤት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት አንዲት ሴት ትመጣ ነበር። ሐኪም አይደለችም፣ ነርስም አይደለችም። ከወዳደቀ ነገር የተሠራ መጫወቻ ይዛ ትመጣለች፣ እናትየዋን ከልጇ ጋር መጫወትና ማውራት ታሳያለች፣ መጫወቻውን ትታላት ትሄዳለች፣ በሳምንቱ ለውጣ ሌላ ታመጣለች። በቃ ይሄው ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ልጆቹን ፈልገው ሲያገኟቸው፣ ሴትየዋ ትመጣላቸው የነበሩት ካልመጣችላቸው ይልቅ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። ስለ መጫወቻ ነው የማወራው፣ ስለ ገንዘብ ድጎማ አይደለም።

እርስዎ ቤት ደግሞ ሳምንት የምትጠበቅ ሴት የለችም፣ እርስዎ አሉ። ጥቂት ሲያድግ ከጨርቅ አሻንጉሊት ይስፉለት። የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ እፍኝ ባቄላ ጨምረው ክዳኑን በሙጫ ያጣብቁት፣ ሲያንቋቋው ይዋል። ክዳኑ እንዳይከፈት ብቻ ይጠንቀቁ፣ ባቄላ ያንቃል። ፊትዎን ወደ ፊቱ አስጠግተው ያውሩት፣ «ውይ!» ሲል እርስዎም «ውይ!» ይበሉት፣ ተራውን ይጠብቁለት። እርስዎ ሰባት ልጅ ላይ ሠርተውታል፣ ስም አልሰጡትም እንጂ።

«ማን ቤቴ መጣ?» ላሉት ግን አውቃለሁ፣ ማንም አልመጣም። እናትዎ፣ አክስትዎ፣ ጎረቤትዎ ነበሩ የመጡት። ገንፎውን የሚያገነፉት፣ ልጁን የሚያጥቡት እነሱ ነበሩ። ከላይ የጻፈችልኝን ልጅ ደብዳቤ ያንብቡት እስቲ፣ እሷ እነዚያ ሰዎች የሏትም። አንድ ቀን ታቦር ብቅ ቢሉ ደስ ይለኝ ነበር።

«እህቴ አሜሪካ ሚኒሶታ ናት፣ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፣ አምስት ወሯ ነው። ክሊኒክ ‹ነርስ ቤትሽ ድረስ እየመጣች ትከታተልሻለች› ብለው ፎርም ሰጧት። እሷ ደግሞ ‹ልጅ የሚነጥቁት ሰዎች ናቸው› ብላ ፈርታለች። እኔ እዚህ አዳማ ሆኜ ምን ልበላት?»
ወንድም፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ፍርሃቷን አትሳቅባት። ከእኛ የሄደ ሰው ብዙው ይህን ወሬ ሰምቶ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው። ግን ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የሕፃናት ጥበቃ የሚባለው ቅሬታ ሲደርሰው የሚመጣው ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፣ በነጻ ነው፣ በፈቃደኝነት ነው። ዛሬ ፈርማ ነገ «በቃኝ» ማለት ትችላለች።

እንደገመትኩት ነርስ ፋሚሊ ፓርትነርሺፕ የሚባለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በኒው ዮርክ ግዛት ኤልማይራ በምትባል ከተማ በሙከራ የተጀመረ። በአብዛኛው የሚቀበለው የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙና ገቢያቸው ዝቅ ያለ እናቶችን ነው፣ ነርሷም ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ትመጣለች። ቁም ነገሩ እዚህ ነው፣ በተለምዶ የሚመዘገበው 28ኛው ሳምንት ሳያልፍ ነው። አምስት ወሯ ከሆነ ቀኗ እየሄደ ነው፣ ዛሬ ማታ ደውልላት። እሷን ባይቀበሏት ሌሎች ተመሳሳይ ፕሮግራሞች አሉ፣ 211 ደውላ ብትጠይቅ በሰፈሯ ያለውን ይነግሯታል። የሚተረጉምላት አማርኛ ተናጋሪም ትጠይቅ፣ በአክስት ልጅ አስተርጓሚነት የሆድን ነገር ማውራት ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅህም። እዚያ አገር ነርስ፣ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ሁሉም ልጅ ላይ ጉዳት ሲደርስ ካዩ ወይም ከጠረጠሩ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የቤት ጠያቂዋም ከዚያ አትወጣም። ይህን ቀድማ ማወቋ ይሻላታል። ቤቱ ስለተዝረከረከ ወይም ፍራሽ መሬት ላይ ስለሆነ ግን የሚነጥቃት የለም፣ እንዲያውም ነርሷ ያየችው ከሆነ የሕፃን አልጋ ከየት በነጻ እንደሚገኝ ልትጠቁማት ትችላለች።

«ባጃጅ ሾፌር ነኝ። ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ ‹የሴቶች ጉዳይ ነው› ብዬ እወጣለሁ። ልጄ አምስት ሳምንቱ ነው። ሚስቴ ተቀየመችኝ። ልክ ነች?»
ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ

ልክ ነች። ቁጭ በል። ስትመጣ ልጁን አንተ ያዘው፣ ሚስትህ እጇ ባዶ ሆኖ ትናገር። በአንተ ፊት የማትናገረው ነገር ካላት ኤክስቴንሽኗ ራሷ «እስቲ ውጣልን» ትልሃለች፣ ያኔ ውጣ።

የክትባት ካርዱን በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ካርድ ይጠፋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ልጅ ያኝከዋል። የአሥረኛውን ሳምንት ቀን ቆጥረህ ስልክህ ላይ ማስታወሻ ሙላ። የስድስተኛው ሳምንት ግን የሚመጣው ሳምንት ነው። ባጃጅህን ይዘህ አንተው አድርሳቸው፣ የዚያን ጠዋት ሌላ ሰው አትጫን።